ከቤት ሳይርቁ ማረፍ፦ በአርባ ምንጭ ዙሪያ የአንድና የሁለት ቀን ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

በጋሞ ዞንና በአጎራባች አካባቢዎች የሚኖሩ ቤተሰቦች ስለ እረፍት ጉዞ ሲነሳ ቀድሞ የሚታያቸው ሐዋሳ፣ ላንጋኖ ወይም አዲስ አበባ ነው። ለዚያ የሚበቃ ገንዘብና ፈቃድ እስኪገኝ ዓመቱ ያልፋል፤ ጉዞውም ለከርሞ ይተላለፋል። በአንጻሩ ባሕር ተሻግረው የሚመጡ ጎብኚዎች የሚያርፉት እዚሁ በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዳርቻ፣ በዶርዜ መንደሮችና በኮንሶ እርከኖች ላይ ነው። አርባ ምንጭ ተወልዶ አድጎ የጫሞን አዞ ከጀልባ ላይ ያላየ፣ ጨንቻ ኖሮ የነጭ ሳርን ሜዳ ያልረገጠ ሰው ጥቂት አይደለም።

ቅርብ ጉዞ ቀላል መስሎ ስለሚታይ ብዙ ጊዜ ያለ ዕቅድ ይጀመራል፤ የሚበላሸውም በዚሁ ምክንያት ነው። በዚህ አካባቢ የአንድን ቀን ጉዞ መልካምነት የሚወስኑት ዝናቡ፣ የእርሻው ሥራ፣ የገበያው ቀንና የቦታው ከፍታ ናቸው፤ የመንገዱ ርዝመት ከእነዚህ ኋላ ይመጣል። ስለዚህ ከቦታው በፊት ጊዜው ሊመረጥ ይገባል።

ዝናቡና የሥራው ወቅት

አርባ ምንጭና ዙሪያዋ በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅቶች አሏቸው። አንደኛው በሚያዝያና በግንቦት ይበረታል፤ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ይመለሳል። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ዝናቡ የሚከብድበት የሐምሌና የነሐሴ ወቅት በቆላው የአርባ ምንጭ ሜዳ ላይ ያን ያህል አይከፋም። በጨንቻና በዙሪያው ባለው ደጋ ግን ክረምቱም ዝናባም ነው፤ ጭጋጉ ከረፋዱም በኋላ መንገዱን ሸፍኖ ሊቆይ ይችላል።

በመሆኑም ለጉዞ የሚመቸው ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው የበጋ ጊዜ ነው። መንገዱ ይደርቃል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ከሰሜን ንፍቀ ክበብ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ ወፎችም በሐይቆቹ ዳርቻ ይታያሉ። ገና፣ ጥምቀትና የዓድዋ ድል በዓል ሦስቱም በዚሁ ደረቅ ወቅት ውስጥ ይውላሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት እረፍት አለው። ከአሠሪው ጋር ተስማምቶ ከዚህ ላይ አንዷን ቀን ከበዓልና ከቅዳሜና እሁድ ጋር ያገናኘ ሰው ሦስት ወይም አራት ተከታታይ ቀናት ያገኛል። ለዚህ አካባቢ ጉዞ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ለአርሶ አደሩም ቢሆን ይህ ወቅት የተሻለ ነው። የመኸሩ ምርት ከተሰበሰበ በኋላ፣ የበልግ እርሻ ከመጀመሩ በፊት፣ በሥራና በሥራ መካከል ጥቂት ሳምንታት ይገኛሉ። የሙዝ አምራቹ ግን ልዩ ነው፤ ሙዝ ዓመቱን ሙሉ ይቆረጣል፤ ጫኚው መኪና በመጣበት ዕለት ከማሳው የጠፋ ገበሬ ዘለላው በላዩ ላይ ይበስልበታል። እርሱ የሚጓዘው በሁለት ጭነት መካከል ነው። ይህን የማያውቅ የከተማ ዘመድ "ለምን አትመጣም?" እያለ ባይወቅሰው መልካም ነው።

ስለ ዝናብ ሲነሳ ሊዘለል የማይገባው የመሬት መንሸራተት አደጋ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ በደረሰው አደጋ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። መጀመሪያ በናደው አፈር የተዋጡትን ለማውጣት ከተሰበሰቡት ወገኖች ብዙዎቹ በሁለተኛው ናዳ ተወስደዋል። በጋሞ ደጋም ሆነ በጎፋ ተዳፋታማ ቦታዎች ላይ ለቀናት ተከታታይ ዝናብ ከጣለ ጉዞን ማስተላለፍ ተገቢ ነው። ተራራው ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ የደፈረሰ ምንጭ ወይም ያዘነበለ ዛፍ ያየ መንገደኛ ለቀበሌው ነዋሪ መንገርና ከሥፍራው መራቅ ይኖርበታል፤ ናዳ ለማየትም ሆነ ፎቶ ለማንሳት ወደ ሥፍራው መቅረብ አይገባም።

በአንድ ቀን ሁለት የአየር ንብረት

አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,285 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ጨንቻ ግን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት ስምንት ወይም ዘጠኝ ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ከሲቀላ በስስ ሸሚዝ የተነሳ ሰው ዶርዜ ሲደርስ ጋቢ የሚፈልገው ለዚህ ነው። ሕፃናትና አረጋውያን ያሉበት ቤተሰብ ለአንድ ቀን ጉዞም ቢሆን ሁለት ዓይነት ልብስ መያዝ አለበት።

ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርደውን ሰው የሚያሰጋው ደግሞ ወባ ነው። የአርባ ምንጭ ዙሪያ ቆላ ወባማ ሲሆን በሽታው የሚበረታው ዝናቡ ካባራ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። በደጋ የሚኖር ሰው በሽታው በተደጋጋሚ ስለማይነካው ሰውነቱ የመከላከል አቅም አላዳበረም፤ ስለዚህ ከቆላው ነዋሪ ይበልጥ ሊጠናበት ይችላል። ምልክቱ በአብዛኛው የሚታየው ትንኟ ከነከሰች ከ10 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ይህም ማለት መንገደኛው ወደ ቤቱ ተመልሶ፣ ጉዞውንም ረስቶ ሳለ ነው። ጨንቻ ወይም ቦንኬ ላይ ትኩሳት የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ "ባለፈው ሳምንት ቆላ አድሬ ነበር" ብሎ መናገሩ ምርመራውን ያፋጥነዋል። ቆላ የሚያድር ቤተሰብ በማደሪያው አጎበር መኖሩን ከክፍሉ ኪራይ በፊት ቢጠይቅ ይበጀዋል።

ምንጮቹ፣ ሐይቆቹና ነጭ ሳር

ገንዘብ ሳያወጡ ለመጀመር የሚሻ ሰው ከሴቻ አፋፍ ይነሳ። ከዚያ ሆኖ ቁልቁል ሲመለከት በግራ አባያ፣ በቀኝ ጫሞ፣ በመካከላቸው ደግሞ ሁለቱን ሐይቆች የሚለየው የእግዜር ድልድይ ይታያል። አባያ ቀላ ያለ ቡናማ ሲሆን ጫሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የአባያን ውኃ ያቀላው በውስጡ ተንሳፍፎ የሚቀረው ደቃቅ አፈር ነው። ከደጋው ተዳፋት በጎርፍ ታጥቦ የሚወርደው አፈር መድረሻው ሐይቁ በመሆኑ፣ ከአፋፉ ላይ የሚታየው ቀለም ላይኛው አገር ስላለው ማሳና ስለ እርከን ሥራም ይናገራል። በጠዋት የመጣ ሰው ይህን ጥርት አድርጎ ያያል፤ እየሞቀ ሲሄድ ጉም መሰል ብናኝ ይጋርደዋል።

ከተማዋ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች ከአፋፉ ሥር፣ ጥቅጥቅ ባለው ደን ውስጥ ይፈልቃሉ። ለከተማዋ ነዋሪ የሚደርሰው የመጠጥ ውኃም ከእነዚሁ ምንጮች የሚሳብ ነው። ደኑ የቆመው ከዝናብ ይልቅ በከርሰ ምድር ውኃ በመሆኑ በበጋውም አረንጓዴ ነው፤ ዝንጀሮ፣ ጉሬዛና ልዩ ልዩ ወፎች ይኖሩበታል። በእግር የሚሄድ ቤተሰብ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ሥፍራው የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ክልል በመሆኑ በመግቢያው ተመዝግቦ መግባት ግዴታ ነው። የሚጠጣ ውኃ ባለበት ቦታ ልብስ ማጠብም ሆነ ምግብ መጣል ከሥነ ምግባር ጉድለት አልፎ የራስን ጽዋ መበከል ነው።

ፓርኩ በ1966 ዓ.ም የተቋቋመ ሲሆን 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። ስሙን ያገኘው በበጋ ከሚነጣው ሣር ነው። የሜዳ አህያው መንጋ የሚገኘው ከእግዜር ድልድይ ማዶ ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ስለሆነ ከምንጮቹ በእግር ለመድረስ ማሰብ አያዋጣም፤ መንገዱ ድንጋያማና አቀበት የበዛበት በመሆኑ ከፍ ያለ መኪናና የፓርኩ ጠባቂ ያስፈልጋሉ። በአንድ ወቅት የፓርኩ መለያ የነበረው ቆርኬ ቁጥሩ በእጅጉ ተመናምኗል። እርሱን ለማየት ብቻ የሚጓዝ ሰው በሶዶና በሳውላ መካከል ወዳለው የማዜ ብሔራዊ ፓርክ ቢሄድ ይሻለዋል። ነጭ ሳር ለሳይንስ ያበረከተው አንድ እንቆቅልሽም አለ፤ በ1990 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በፓርኩ መንገድ ላይ የሞተች የሌሊት በራሪ ወፍ አንድ ክንፍ ብቻ አንስተው፣ በዚያች ክንፍ ምክንያት አዲስ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል።

የጫሞ ጀልባ ጉዞ የብዙዎች ምርጫ ነው። ኩልፎ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ፣ "አዞ ገበያ" በሚባለው ሥፍራ፣ ትልልቅ አዞዎች አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ሲሞቁ ይታያሉ፤ ጉማሬዎችም ከዳርቻው አይርቁም። አዞ ሌሊት የቀዘቀዘውን ሰውነቱን ለማሞቅ ወደ ደረቁ የሚወጣው ፀሐይ ስትወጣ ስለሆነ ጠዋት መሄድ ይመረጣል። ኪራዩ የሚታሰበው በአብዛኛው በጀልባ እንጂ በሰው አይደለም። ስለዚህ ሁለት ቤተሰብ ተቀናጅቶ ቢሄድ የእያንዳንዱ ድርሻ በግማሽ ይቀንሳል። ከመሳፈር በፊት የመንሳፈፊያ ሰደሪያ ለእያንዳንዱ ሰው፣ በተለይ ለሕፃናት በልካቸው፣ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ነፋስ ሲነሳ "አይሆንም" የሚል ቀዛፊ ገበያውን የሚያጣ ቢሆንም ሊመሰገን የሚገባው እርሱ ነው።

በሁለቱም ሐይቆች መዋኘት አይገባም። አዞዎቹ ዓሣ አስጋሪዎችንና ውኃ ለመጠጣት የወረዱ ከብቶችን የሚያጠቁበት ጊዜ አለ፤ የዚህ አገር ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ጉማሬን ነው። ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ተኝቶ ውሎ ሲመሽ ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣል። በእርሱና በውኃው መካከል የተገኘ ሰው አደጋ ላይ ነው። ስለሆነም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በሐይቁ ዳር መቀመጥ፣ እሳት አንድዶ መጨዋወት፣ ድንኳን መትከል በጭራሽ አይመከርም።

ስለ ምግብ ጥቂት። የአርባ ምንጭ ዓሣ ዝነኛ ነው፤ ቆሮሶ፣ ነጭ ዓሣና አምባዛ ከሁለቱ ሐይቆች ይወጣሉ። በዐቢይ ጾም ወቅት ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋው ይንራል፤ ዓሣ ለመብላት ብሎ የሚመጣ ሰው ከጾሙ በፊት ቢመጣ ኪሱ ይተርፋል። ሙዝና ማንጎ ደግሞ በሶዶ መንገድ ላይ በላንቴና በጫኖ ከአምራቹ እጅ መግዛት ይቻላል።

ዶርዜና ጨንቻ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደው ጠመዝማዛ አቀበት ከመጨረሻው መድረሻ በፊት ዶርዜን ያገኛል። በዚህ አንድ መስመር ላይ ሙዝ፣ በቆሎ፣ እንሰት፣ ገብስና ቀርከሃ በየከፍታቸው እየተፈራረቁ ይታያሉ። ልጆቹን ትምህርት ቤት ስለ ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ የሚያስጠና ወላጅ ከመጽሐፍ ይልቅ ይህን መንገድ ቢያሳያቸው ይቀልለዋል።

የዶርዜ ቤት ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ተጠልፎ በእንሰት ሽፋንና በቀርከሃ ቅርፊት ይለበሳል፤ አዲስ ሲሠራ ቁመቱ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል። በፊት ለፊት የሚወጡት የጭስ መውጫ ቀዳዳዎችና መግቢያው በአንድነት ሲታዩ የዝሆን ፊት ይመስላሉ። ምስጥ እግሩን ሲበላው ቤቱ ከሥር እየተቆረጠ ያጥራል፤ አስፈላጊ ሲሆንም ብዙ ሰው ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ስለዚህ የአንድን ቤት ዕድሜ ከቁመቱ መገመት ይቻላል፤ አጭሩ አሮጌው ነው። ውስጡ ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፤ የከብቶቹ ትንፋሽ በደጋው ብርድ ለቤቱ ሙቀት ነው።

በሽመናው ሥራ ሴቶች ጥጡን ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሚሸጠው የባህል ልብስ ከፍተኛ ድርሻው ከዚህ አካባቢ በሄዱ ሸማኔዎች እጅ የሚሠራ ነው። ዱንጉዛ የሚባለው ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው ጨርቅ ዛሬ የጋሞ መለያ ሆኖ በየአደባባዩ ይታያል። ሸማኔው ቤት ገብቶ የገዛ ሰው ዋጋውን ከመከራከሩ በፊት አንድ ጋቢ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ቢጠይቅ ክርክሩ ያጥራል። የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ ይውላል። እሁድ መጥቶ ገበያውን የሚፈልግ እንግዳ ባዶ ሜዳ ያገኛል፤ ስለዚህ ገበያውን ማየት የሚሻ ሠራተኛ ሰኞን በፈቃዱ ውስጥ ማካተት ይኖርበታል።

ለእንግዳ የሚቀርበው ቆጮ በዳጣና በማር ነው። ከእንሰት ማሳው ሲገቡ አንድ ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን ከተክል ወደ ተክል የሚሸጋገረው በአብዛኛው በቢላዋ፣ በመፋቂያና በችግኝ ነው። ሙዝንም ያጠቃል። "እንዴት እንደሚፋቅ ልሞክር" ብሎ ከሌላ ማሳ በመጣ ቢላዋ እንሰት የሚቆርጥ ጎብኚ፣ ወይም ለጓሮዬ ብሎ ችግኝ ነቅሎ የሚሄድ ዘመድ፣ የአንድን ቤተሰብ የዓመታት ቀለብ ሊያጠፋ ይችላል። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጅበታል፤ የጠፋውን በአንድ ወቅት ዝናብ መተካት አይቻልም።

ጨንቻ በአፕል ትታወቃለች፤ ችግኙም ይሸጣል። አፕል ፍሬ ለመስጠት ቀዝቃዛ ወቅት ስለሚሻ ከጨንቻ የተገዛ ችግኝ አርባ ምንጭ ሜዳ ላይ ቢተከል ቅጠል እንጂ ፍሬ ሊታይበት አይችልም። የቆላው ሰው ፍሬውን ይግዛ፤ ችግኙን ለደጋ ዘመዱ ይተውለት።

በዚህ መንገድ ላይ ለዓመታት የዘለቀ አንድ መጥፎ ልማድ አለ። ሕፃናት መኪና ሲመጣ መንገድ መካከል እየዘለሉ፣ እየተገለባበጡና እየጨፈሩ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ከመስኮት የሚወረወረው ብር ደግነት ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ሕፃኑ ነገም ከትምህርት ቤት ቀርቶ በጠመዝማዛው መንገድ ላይ መኪና እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። ለመንደሩ መርዳት የሚፈልግ ሰው ምሳውን እዚያ ይብላ፣ ጋቢውን እዚያ ይግዛ፣ አስጎብኚውን ከአካባቢው ማኅበር ይውሰድ።

መስቀል ለዚህ ሁሉ ልዩ ጊዜ ነው። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ የጋሞ ልጆች ለመስቀላ በዓል ወደ ቀያቸው ይመለሳሉ፤ ለበሬው ገንዘቡ፣ ለገንፎው ቅቤው ከወራት በፊት ጀምሮ ይጠራቀማል፤ የተጣላ ይታረቃል። በዓሉ የሚውለው ግን በሁለተኛው የዝናብ ወቅት ነው። መኪናው ሞልቶ፣ ታሪፉ ተወድዶ፣ መንገዱ ጨቅይቶ ሊገኝ ይችላል። በዓሉን ለማየት የሚመጣ እንግዳ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ መድረስ፣ ማደሪያውን አስቀድሞ መያዝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚጋብዘው ቤተሰብ ማግኘት አለበት። መስቀላ በቤት ውስጥ የሚከበር በመሆኑ ከውጭ ቆሞ የሚያይ ሰው ግማሹን ያጣል።

አንድ ሌሊት ለሚያድሩ

ኮንሶ ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል፤ ነገር ግን ለአርሶ አደር ይህ ጉዞ ከመዝናኛ በላይ ትምህርት በመሆኑ ማደሩ ይመረጣል። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከ400 ዓመታት በላይ ከትውልድ ትውልድ ሲሠሩ የኖሩት የድንጋይ እርከኖች በአንዳንድ ቦታ እስከ አምስት ሜትር ከፍታ አላቸው። አፈር ይይዛሉ፣ ውኃ ያቁራሉ፣ ትርፉንም ያለ ጉዳት ያሳልፋሉ። በዘመቻ የተሠራ እርከን በሁለተኛው ክረምት ሲፈርስ ያየ ገበሬ፣ ኮንሶ ላይ የፈረሰች አንዲት ድንጋይ በማግስቱ በባለ ማሳው እጅ ስትመለስ ቢያይ ምክንያቱ ይገባዋል። የመንደሮቹ ካቦች ከአንድ እስከ ስድስት ዙር ይደርሳሉ። በሞራዎቹ፣ ማለትም በመንደሩ የመሰብሰቢያ ቤቶች፣ ያላገቡ ወጣቶች ያድራሉ፤ ለችግር ጊዜ ደራሽ እነርሱ ናቸው።

በኮንሶ መንደር ለመግባት በቅድሚያ ካራት ከተማ ባለው የቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መመዝገብና አስጎብኚ መያዝ የተለመደ አሠራር ነው። ዋካ የሚባሉትን የጀግና መታሰቢያ የእንጨት ሐውልቶች የሚሸጥ ሰው ቢያጋጥም አሮጌውን መግዛት ከመቃብር ላይ የተሰረቀ ቅርስ መግዛት ሊሆን ይችላል። ሽፈራው ግን በቤተሰቡ ማዕድ ላይ ይቀርባል፤ ለመቅመስ ፈቃድ አያስፈልግም።

ለሶዶ ነዋሪ የዳሞታ ተራራ የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ ነው፤ በአረካ በኩል ደግሞ የአጃቾና የሶኬ ወንዞች ጎን ለጎን የሚወረወሩበት አጆራ ፏፏቴ አለ። ፏፏቴው የሚሞላው በዝናብ፣ መንገዱ የሚመቸው በበጋ ስለሆነ መስከረም ካለፈ በኋላ ያሉት ሳምንታት መካከለኛ ምርጫ ናቸው። ገደሉ መከላከያ አጥር የለውም ብሎ ማሰብና ሕፃናትን በእጅ ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል።

ወጪውና ቤት የሚቀረው

የአጭር ጉዞ ወጪ በአራት ይከፈላል፤ መጓጓዣ፣ መግቢያና አስጎብኚ፣ ምግብ፣ ካደሩም ማደሪያ። ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ሦስተኛውን ነው፤ ኪሱን የሚጎዳው ግን መጀመሪያው ነው። በሕዝብ ማመላለሻ የሚሄድ ቤተሰብ የመጨረሻው መኪና ከሥፍራው የሚመለስበትን ሰዓት ጠዋት መናኸሪያ ላይ ሳይጠይቅ መውጣት የለበትም። በበዓል ዋዜማ ወደ ገጠር የሚሄደው፣ በበዓል ማግስት ወደ ከተማ የሚመለሰው መኪና ይጨናነቃል፤ አንድ ቀን በማሳለፍ ብቻ ከዚህ መዳን ይቻላል። በፓርኮች መግቢያ ኢትዮጵያውያን የሚከፍሉት ከውጭ ዜጎች በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ለዚህ መታወቂያ መያዝ ያሻል። ለከፈሉት ሁሉ ደረሰኝ መቀበልም ገንዘቡ ወደ ተገቢው ቦታ መሄዱን ያረጋግጣል።

ገጠር ለሚኖር ቤተሰብ ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ቤቱን ለማን ይተዋል የሚለው ነው። ላም ትታለባለች፣ ጥጃ ይታሰራል፣ እሸት ከዝንጀሮ ይጠበቃል። ከጎረቤት ጋር ተራ የገቡ ቤተሰቦች ይህን በቀላሉ ይወጡታል፤ ዛሬ የአንዱን ላም የጠበቀ በሚቀጥለው ሳምንት የራሱን ያስጠብቃል። ይህ ባልተቻለበት ቤት አባትና ልጆች ሄደው እናት የምትቀርበት ልማድ አለ። ውኃ በመቅዳት፣ እንሰት በመፋቅና ገበያ በመዋል ዓመቱን የገፋችው እርሷ ስለሆነች ተራው መጀመሪያ ለእርሷ ቢሰጥ ፍትሐዊ ነው። እናትና ሴት ልጆች አንድ ቀን፣ አባትና ወንዶች ሌላ ቀን ቢሄዱ ላሟም አትራብም፣ እርሷም አትቀርም።

እንግዳ ለመቀበል የሚያስቡ አርሶ አደሮችም እየበዙ ነው። ለአንድ ቀን ጎብኚ የሚፈለገው ብዙ አይደለም፤ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ የፈላ ወይም የታሸገ ውኃ፣ የታወቀ ዋጋና የሚቀመጡበት ጥላ። ዋጋው እንግዳው ከበላ በኋላ ሳይሆን ከመቀመጡ በፊት ቢነገር ሁለቱም ወገን ሳይቀያየም ይለያያል። ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ መጠየቅ የእንግዳው ግዴታ ነው፤ "አይሆንም" ማለትም የባለቤቱ መብት ነው።

ከመነሳት በፊት ባለው ምሽት የሚደረገው አንድ የስልክ ጥሪ ነው። የሚሄዱበት ወረዳ ዘመድ፣ የሾፌሮች ተራ አስከባሪ ወይም የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የመንገዱን ደረቅነትና የአካባቢውን ሰላም ያውቃል። መልሱ ካላስደሰተ ሻንጣው ሳይፈታ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይቀመጣል።